«የትኛው ቀይ?»፦ ለአፀደ ሕፃናት ርዕሳነ መምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የተከበራችሁ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፤

ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በቀን 10 ደቂቃ ስጡን። በዚያች 10 ደቂቃ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ። አንዱ ይናገር፣ ሌላው ይስማ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። መምህርቷ ደግሞ ዝም ትበል።

ይኸው ነው። በቃል ስጠይቅ «እሱ ጨዋታ ነው፣ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ ይደረጋል» እየተባለ ስለታለፈ፣ ዛሬ በጽሑፍ ሰፋ አድርጌ ላስረዳችሁ።

አንድ ቀን ክፍሌ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅና አንድ ልጅ ምንጣፍ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። በሁለቱም ፊት ተመሳሳይ አምስት ብሎኮች አሉ፦ ትልቅ ቀይ፣ ትንሽ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ እና አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን። ልጅቷ እየሠራች ትናገራለች። ልጁ ሳያይ ያንኑ ይሠራል።

«መጀመሪያ ይሄን አድርግ» አለችው። ልጁ አንገቱን ነቀነቀ። እሷ አታየውም። «ከዚያ እንትኑን እዛ ላይ አድርገው።» ልጁ ሰማያዊውን አነሳ። «እንደዚህ ደግሞ።» ቢጫውን አነሳ።

«ጨረስክ?»

«አዎ!»

ዞር ብለው ተያዩ። የእሷ ቤት ነው፤ ከታች ትልቁ ቀይ፣ ከላይ ጣሪያ አለው። የእሱ ባቡር ነው፤ ብሎኮቹን መሬት ላይ ደርድሯቸዋል። ልጅቷ ተናደደች። «ነገርኩህ እኮ! አትሰማም እንዴ?» የልጁ ዓይን እንባ አቀረረ። «ሰማሁሽ! እንትኑን አልሽ፣ አደረግኩት።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እሱ ያለችውን ሁሉ ሰምቷል። እሷም ያየችውን ሁሉ ተናግራለች። «እንትን» ስትል በዓይኗ ፊት የነበረው ትንሹ ቀይ ነው። ለእሷ ግልጽ ነው። እሱ ግን በእሷ ዓይን አያይም። ያንን ገና አላወቀችም። ልጆችን ግልጽ ንግግር እናስተምር ስል፣ ከምንም በላይ እንዲያውቁት የምፈልገው ይህንን ነው።

«እንትን» የምትለዋ ቃል ለእኛ ለአዋቂዎችም ብዙ ትሠራለች። «ያን እንትን አቀብለኝ» እንላለን፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው አንስቶ ይሰጠናል። የሚያውቀን፣ አብሮን የሚውል፣ ዓይናችን ወዴት እንደሄደ የሚያይ ሰው ስለሆነ ነው። ለልጅ ደግሞ በዙሪያው ያለው አዋቂ ሁሉ እንደዚያ ነው። ልጁ «እንትን» ሲል እናት ሰዓቱን ታውቃለች፣ ልማዱን ታውቃለች፣ ጣቱን ታያለች። ውኃ ታመጣለታለች። ግማሹን ሥራ የሠራችው እሷ ናት።

እኛ መምህራንም ያው ነን። ልጅ እያለቀሰ ይመጣል። «ቲቸር፣ እሱ... የእኔን...» ይላል። «ኦ፣ እርሳስህን ወሰደብህ?» እንለዋለን። አንገቱን ይነቀንቃል። እኛ ተናገርን፣ እሱ ነቀነቀ። እኔ ይህን ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ከፍቅር ነው የምናደርገው፤ ክፉ ነገር አይደለም። ግን እኛ ቶሎ በተረዳናቸው ቁጥር እነሱ የሚያስረዱበት ምክንያት አይኖራቸውም።

የዕድሜ እኩያ እንደዚያ አይደለም። አይገምትም። ዓረፍተ ነገርህን አይጨርስልህም። «ይሄን አድርግ» ካልከው የራሱን «ይሄ» ያነሳል። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት ከእኔ የተሻለው አስተማሪ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ነው። ጥንድ ጥንድ ይሁኑ የምለው ለዚህ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አሜሪካዊያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሮበርት ክራውስና ሳም ግሉክስበርግ ትንንሽ ልጆችን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡ። በመካከላቸው መጋረጃ አደረጉ። በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ብሎኮች አሉ፤ ብሎኮቹ ላይ ያለው ቅርጽ ግን ስም የሌለው፣ ያልተለመደ ነው። አንዱ ልጅ የትኛውን ብሎክ መያዝ እንዳለበት ለሌላው መንገር አለበት። ልጆቹ ለየቅርጹ የራሳቸውን ስም አወጡ። ለሚሰማው ልጅ ግን ምንም አልፈየደም፤ ለሰሚው ግራ ነበር።

እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ተመራማሪዎቹ ልጁ ራሱ የተናገራቸውን ስሞች መልሰው ለእሱ ሲነግሩት ትክክለኛውን ብሎክ አነሳ። ማለትም ቃላቱ ባዶ አልነበሩም። ቁልፍ ነበራቸው። ቁልፉ ግን በባለቤቱ ኪስ ውስጥ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ዕድሜያቸው ገና ነው፣ ሲያድጉ ይመጣል» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ ተነግሮኛል። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ትንሽ ልጅ ነገሩን ከራሱ ወገን ብቻ እያየ እንደሚናገር ጽፏል፤ ብዙዎቻችንም በሥልጠና ላይ የተማርነው ይህንኑ ነው። ግን በ1973 ማሪሊን ሻትስና ሮሼል ጌልማን የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አሳዩ። የአራት ዓመት ልጆች ስለ አንድ መጫወቻ ለሁለት ዓመት ሕፃን ሲያስረዱ ዓረፍተ ነገራቸውን ያሳጥራሉ፣ ያቀላሉ። ለአዋቂ ሲናገሩ ግን ረዘም አድርገው ነው የሚናገሩት። ማንም «እንዲህ በል» ሳይላቸው!

እኔም በእረፍት ሰዓት ይህን አያለሁ። ክፍል ውስጥ «እንትን» የምትለዋ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ፊት ስትቆም ጎንበስ ትላለች። ድምፅዋን ታለዝባለች። «ጫማ። ጫማህን። እግርህን ስጠኝ» ትለዋለች። የሚሰማት ማን እንደሆነ ታውቃለች። ችሎታው አለ ማለት ነው። የቀረን ልምምዱ ነው።

ወደ ልጅቷ ቁጣ ልመለስ። «አትሰማም እንዴ?» ያለችው ነገር በጣም አስፈላጊ ነው። በ1970ዎቹ እንግሊዛዊያኑ ተመራማሪዎች ኤልዛቤትና ፒተር ሮቢንሰን ያገኙት ይህንኑ ነው። አምስት ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች ሳይግባቡ ሲቀሩ ጥፋቱን በሰሚው ላይ ያደርጋሉ። መልእክቱ ራሱ ጎዶሎ ቢሆንም «እሱ ነው የተሳሳተው» ይላሉ። ሰሚው ምን እንደጎደለው በግልጽ ሲነገራቸው ግን ይህ መለወጥ ይጀምራል። «እስቲ እንደገና ሞክሪ» ማለት አይበቃም። «ጎበዝ» ማለትም አይበቃም። የሚጠቅመው «ቀይ ሁለት አለኝ፤ የትኛውን እንዳልሽ አላወቅኩም» ማለት ነው። ያኔ ልጅቷ ጉድለቱ የት እንዳለ ታያለች። በሰውየው ጆሮ ውስጥ ሳይሆን በራሷ ቃል ውስጥ።

የሰሚውም ጉዳይ አለ። እኛ ክፍል ውስጥ በጣም የምንወደው ጥያቄ «ገባችሁ?» የሚለው ነው። «አዎ ቲቸር!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። እኛም እናልፋለን። በ1977 ኤለን ማርክማን የተባለች ተመራማሪ ለትንንሽ ተማሪዎች አንድ አዲስ የካርታ ጨዋታ አስረዳች፤ ዋናውን ነገር ግን ሆን ብላ ተወችው። በዚያ ማብራሪያ ጨዋታውን መጫወት አይቻልም። የአንደኛ ክፍል ልጆቹ ግን የጎደለ ነገር እንዳለ አልታያቸውም። ያወቁት ብዙውን ጊዜ መጫወት ሲጀምሩ ነው። ልጆቹ «ገባን» ሲሉ አይዋሹም። እውነት የገባቸው ይመስላቸዋል። አለመግባቱን የሚያሳያቸው እጃቸው ሥራ ሲጀምር ነው። ለዚህ ነው ብሎክ፣ ሥዕል፣ ካርድ የምንጠቀመው። በአፍ ብቻ ቢሆን ሁሉም «ገባኝ» ብሎ ይሄዳል።

አሁን ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ሞክረን የተበላሸብንንም ጭምር።

እኔ ስጀምር በመጀመሪያው ቀን ጀርባ ለጀርባ አስቀመጥኳቸው። ስህተት ነበር። አንዱ ልጅ ብሎኮቹን ወረወረ፣ ሁለቱ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ በደረጃ አደረግኩት። መጀመሪያ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ቢጠቁሙም ችግር የለም፤ ብሎኩ ሦስት ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ በመካከላቸው ፎልደር እናቆማለን። ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ እጅ ለእጅ ግን አይተያዩም። ጣት መቀሰር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ልጆቹ ራሳቸው ይስቃሉ፣ ቀስረው ሲያበቁ «ለካ አታይም!» ይላሉ። ያቺን «ለካ» በጣም እወዳታለሁ። ጀርባ ለጀርባ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ብሎኩም አራት፣ ከዚያ አምስት ይሆናል።

ተራ መጠበቅ ለአራት ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ለዚህ ኤሌና ቦድሮቫና ዴቦራ ሊዮንግ ባዘጋጁት የትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ዘዴ ተውሻለሁ። በእነሱ ክፍሎች ልጆች ጥንድ ሆነው መጽሐፍ ሲያነቡ አንዱ የአፍ ሥዕል ይይዛል፣ ሌላው የጆሮ ሥዕል። ጆሮ አይናገርም፤ ጆሮ ይሰማል። ልጁ አፉ ሊያመልጠው ሲል ዓይኑ እጁ ላይ ያለችው ጆሮ ላይ ያርፋል፣ ዝም ይላል። ቃል ከሚያደርገው በላይ አንዲት ወረቀት ታደርጋለች።

እኔ ግን አንድ ነገር ለውጫለሁ። በእኔ ክፍል ጆሮ መጠየቅ ይችላል። እንዲያውም ሙሉ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ሰሚው ሦስት ነገር እንዲል አስተምራለሁ። «የትኛው?» «ድገምልኝ።» «ቆይ፣ አልደረስኩም።» እነዚህን ሦስቱን በመዝሙር፣ በአሻንጉሊት፣ በድራማ እየደጋገምን እንለማመዳለን። ብዙ ልጅ መጠየቅ ያፍራል። መጠየቅ ያልገባው ሰው ሥራ ይመስለዋል። በጨዋታው ውስጥ ግን ጠያቂው ነው የሚያሸንፈው፤ ሁለቱም የሚያሸንፉት እሱ ሲጠይቅ ነውና።

አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ዓመቱ ሊጋመስ ነው፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ማለት እችላለሁ። ስጠይቃት ወለል ወለሉን ታያለች። ከአንድ ረጋ ካለ ልጅ ጋር አጣመርኳትና የጆሮዋን ካርድ ሰጠኋት። ዝም ብላ መስማት ስለሆነ ደስ አላት። እሱ ተናገረ፣ እሷ ሠራች። ከዚያ ልጁ «ቀዩን ከላይ» አለ።

እጇ በሁለቱ ቀዮች መካከል ቆመ። አንዱን ነካች፣ ተወችው። ሌላውን ነካች። እኔ ከሩቅ ሆኜ ከንፈሬን ነክሼ ቆሜያለሁ፤ ላግዛት አልኩና ተውኩት። ብዙ ጊዜ ያለፈ መሰለኝ። ከዚያ በጣም በቀጭን ድምፅ «የትኛው ቀይ?» አለች።

ልጁ ዝም አለ። ጎንበስ ብሎ የራሱን ብሎኮች አየ። ገና ያኔ ያያቸው ይመስል ነበር። «ኦ! ሁለት ነው!» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ «ትልቁ! ትልቁ ቀይ!» አላት። እሷም ትልቁን አነሳች።

በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ተማሩ። እሱ ለቀሪው ሰዓት «ትንሹ ቀይ»፣ «ረጅሙ ሰማያዊ» እያለ ነበር የተናገረው። እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። በማግስቱ እሷ የአፉን ካርድ ጠየቀችኝ።

ሲጨርሱ ዞር ብለው ያያሉ። ትክክል ወይም ስህተት ነው የምትለው መምህርቷ አይደለችም፤ ብሎኮቹ ናቸው። መምህርቷ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቅ፦ «የቱ ጋ ተለያየ? ምን ብትዪው ኖሮ ያገኘው ነበር?» ባቡር የሠራው ልጅና ቤት የሠራችው ልጅ ይህን ሲጠየቁ ልጅቷ ብዙ አሰበች። ከዚያ «ትንሹ ቀይ ብለው ኖሮ» አለች። በዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልፈለግኩም።

ስለ አጣማመር ትንሽ ልበል። ጥንዱ ቋሚ አይሁን፤ በየሳምንቱ ይለወጥ። ደፋሩን ከዓይን አፋሩ ጋር ማጣመር ጥሩ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ደፋሩ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ለዓይን አፋር ልጅ የሚሻለው ትዕግሥተኛ ልጅ ነው። የልጆቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ሦስተኛው ልጅ ተመልካች ይሁን፤ የሁለቱንም ብሎኮች ከጎን ሆኖ ይይ፣ ግን አይናገር። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ የሚያየው እሱ ብቻ ስለሆነ በጣም ብዙ ይማራል። አፉን በሁለት እጁ ይዞ የሚቀመጥ አለ።

አደራ የምለው ነገር አለ። ይህን ትምህርት ከድምፅ አወጣጥ ጋር አናምታታው። ኮልታፋ ልጅ፣ «ረ»ን «ለ» የሚል ልጅ፣ የሚንተባተብ ልጅ በጣም ግልጽ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። «ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ» ብሎ የሚነግር ልጅ ቃሉ ቢኮላተፍም መልእክቱ ደርሷል። በዚያች 10 ደቂቃ ውስጥ አፉን አናርመው። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ደግሞ ጀርባ ለጀርባ መቀመጥ የለበትም፤ የጓደኛውን ፊት እያየ በፎልደሩ ብቻ ይጫወት። የክፍሉን ቋንቋ ገና እየለመደ ያለ ልጅ በቀለማት ስምና በ«ከላይ»፣ «ከታች» ብቻ ጀምሮ በደንብ ይጫወታል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አንድ ጊዜ ክፍሌን ሊገመግም የመጣ ኃላፊ በር ላይ ቆመ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እያወሩ ነበር። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። በቅጹ ላይ «ክፍሉ ገበያ ሆኗል» ብሎ ጻፈ፤ በክፍል አያያዝም ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠኝ። በጣም አዘንኩ። ገብቶ ከአንዱ ጥንድ አጠገብ ቢቀመጥ ኖሮ ጩኸት አይሰማም ነበር። «ከጎኑ ነው ወይስ ከላዩ?» የሚል ጥያቄ ይሰማ ነበር።

እስቲ አብረን እናስላ። 30 ልጆች አሉኝ እንበል። ለ15 ደቂቃ አንድ በአንድ እያስነሳሁ ባናግራቸው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 30 ሰከንድ ነው። ቀሪውን 14 ደቂቃ ተኩል ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያንኑ 15 ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢያሳልፉት እያንዳንዱ ልጅ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይናገራል፣ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይሰማል። ጸጥ ያለው ክፍል ጥሩ መስሎ ይታያል። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሚናገረው ማነው? መምህርቷ ናት።

መምህርቷ ዝም ትበል ማለቴም ዝም ብዬ አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ ሳያገኙ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። በአብዛኛው አንድ ሰከንድ ገደማ ነበር። ሦስት ሰከንድ ያህል እንዲጠብቁ ስታደርግ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ! ያቺ ልጅ እጇን በሁለቱ ቀዮች መካከል ይዛ የቆየችው ከዚያ በላይ ነው። ገብቼ ቢሆን ኖሮ «የትኛው ቀይ?» የሚለውን አትጠይቅም ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። 10 ደቂቃዋ በየቀኑ መርሐ ግብር ላይ ትጻፍ፤ ትርፍ ጊዜ እስኪገኝ አትጠብቅ። በግምገማው ቅጽ ላይ «ጸጥታ» ከሚለው ጎን «ልጆች እርስ በርስ ይጠያየቃሉ ወይ?» የሚል መስመር ይግባ። መጽሐፎቹን ስታዘጋጁ በየምዕራፉ ለሁለት ልጆች የሚሆን አንድ መልመጃ ይኑር፤ አንዱ የሚያየው፣ ሌላው የማያየው ሥዕል ያለበት። ወጪው ብዙ አይደለም። ብሎክ ከሌለ የጠርሙስ ክዳን ይሆናል፣ ቀለም የተቀባ የካርቶን ቁራጭ ይሆናል። ሁለት ሁለት ተመሳሳይ መሆኑ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ለመምህራን ሥልጠና ስታዘጋጁም ንግግር ብቻ አታድርጉት። መምህራኑን ጀርባ ለጀርባ አስቀምጧቸው። እኛ በአንድ ስብሰባ ላይ ሞክረነዋል። ለዓመታት ያስተማሩ ሰዎች በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «እንትኑን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም «ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው» አላለም።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ወላጆች ካላችሁም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ «እንትን» ሲል ያልገባችሁ አታስመስሉ፤ ልጅ ማስመሰልን ቶሎ ያውቃል፣ ይከፋዋል። ግን እውነት ሳይገባችሁ ሲቀር አትገምቱ። «ሁለት አየሁ፣ የትኛውን ነው?» በሉት። ከዚያ ጠብቁት።

እናንተን ደግሞ፣ የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጠዋት ወደ አንዱ ክፍል እንድትገቡ እጋብዛለሁ። ትንሿን ወንበር ሳቡና ከአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። አምስት ብሎክ ያዙ። ልጁ ይንገራችሁ፣ እናንተ ሥሩ። ካልገባችሁ «እሺ» አትበሉት። «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ምን እንደሚያደርግም ስሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአፀደ ሕፃናት መምህርት